የኦርቪል ታኬት ንጹሕ አመድ

ኦርቪል ታኬት በሮንዳ ስካግስ ቀንቶ ነበር። ስድሳ ለሞላው፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ለማይቀር ሰው ቅናት አያምርበትም፤ ግን ቀንቷል፣ ምን ይደረግ።

በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለውን የኃይል ማመንጫ ምድጃ በድንጋይ ከሰል ሲያነድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሱ ፈረቃ አመድ እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ ነበር፤ አንዲት የከሰል ቅንጣት ሳትቃጠል አታመልጠውም። በግቢው ውስጥ “የኦርቪል እሳት” ማለት ሙገሳ ነው። ሮንዳንም ያስተማራት እሱ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ስትቀጠር አየር ከከሰል ጋር መመጠን እንኳ አታውቅም ነበር። ዛሬም ቢሆን አመዷ ጠቆር ይላል።

ከዚያ የሜርኩሪው ሕግ መጣ። ከከሰሉ ጭስ ጋር የሚወጣው ሜርኩሪ ወንዝ ገብቶ ዓሣውን ስለመረዘ፣ ጭሱ ሳይወጣ ይለቀም ተባለ። ጭሱ ውስጥ ጥቁር የከሰል ዱቄት ይነፋል፤ ሜርኩሪው ዱቄቱ ላይ ይጣበቅና ከአመዱ ጋር ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ጭስ ማውጫው ላይ ያመለጠውን ሜርኩሪ የሚቆጥር መለኪያ ተተከለ፤ የየፈረቃው ቁጥርም ምሳ ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ጀመር። ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ የሮንዳ ነው፣ ትልቁ የኦርቪል። አለቃቸው በመስከረም ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ቦታው ከሁለቱ ለአንዳቸው እንደሚሰጥ ደግሞ ያልሰማ የለም። ጓደኞቹም አልማሩትም፤ ተማሪዋ አልፋ አስተማሪው ወደቀ እያሉ ዳቧቸውን ይገምጣሉ።

ኦርቪልን ሰላምታዋ አስጠላው፣ ሳቋ አስጠላው። መለኪያውን ብትነካካው ነው እንጂ ብሎ ደመደመና ሊከሳት ወደ ኬሚስቱ ወደ ፕሩዊት ሄደ።

“መለኪያውን ማንም አልነካውም” አለው ፕሩዊት። “ጥፋቱ ያንተ ነው፤ በጣም አሳምረህ ታነዳለህ። የሷ አመድ ውስጥ ያልተቃጠለ ከሰል ይቀራል፣ ሜርኩሪው እሱም ላይ ይጣበቃል። ያንተ አመድ ላይ ምኑን ይዞ ይቅር?”

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ኦርቪል ግን ይበልጥ ቀና። በችሎታዋ ብትበልጠው አንድ ነገር ነው፤ እሷ የበለጠችው ባለመቻሏ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፈረቃውን ሲረከብ በሥራ ዘመኑ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አየሩን ቀነሰ። እሳቱ ደበዘዘ፣ አመዱ ጠቆረ። እጁ ሊያስተካክለው ይበላው ነበር፤ እልኹ ግን ከለከለው። ዓርብ ዕለት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለት ቁጥር እስከዚያ ቀን ከታየው ሁሉ ያነሰ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ የሚነፋው ጥቁር ዱቄትም ተረፈልን ብሎ ደስ አለው፤ አለቅነቱንም ለኦርቪል ሰጠው። የመጀመሪያ ሥራው ሁሉም ፈረቃ እንደሱ እንዲያነድ ማስተማር ነው ተባለ፣ ከሮንዳ ጀምሮ።

ምድጃው አጠገብ ጎን ለጎን ቆሙና አየሩ እስከየት እንደሚቀነስ አሳያት። ሮንዳ ጻፈች፣ ጻፈችና ብዕሯን ከደነችው።

“አንተ ሽማግሌ፣ እኔ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ በእሳትህ ስቀና ነው የኖርኩት” አለችው። “አልሆን ሲለኝ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር፣ ባሌ ይመስክር። አሁን በማን ልቅና?”

ኦርቪል ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

“ትንሽ ቀንሺው” አላት። “ገና ንጹሕ ነው።”