ሊሾና ምንጣፍ

የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር የልጅነቴ ክረምት ይመለስብኛል፤ ከተማችን መካነ ሰላም ጭቃ በጭቃ ሆና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ በር ባልተገጠመለት ሳሎናችን ሊሾ ላይ ተንበርክከን፣ ከልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የለመንነውን ዘይት በሪሞት መኪናችን ንዝረት ማብረጃ አሞርዛተር ውስጥ ጠብ ጠብ ስናደርግ ይታየኛል። ያኔ ሽታውን እወደው ነበር። አሁን ያንገሸግሸኛል።

ቤቱን ያሠራችው እናቴ ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ላቧን ለአባቴ እየላከች። መኪናዋንም የላከችልን እሷው ናት፣ የማዳሟ ልጅ ሰልችቶት የጣላትን። ያ ልጅ አዳራሽ ውስጥ የሪሞት መኪና ውድድር ይገባ ስለነበር፣ እናቴ ዕቃውን ተሸክማ እየተከተለች፣ ሞላ ሲፈታና ሲያስር እያየች፣ እኛን ሳታሳድግ የሱን መኪና ጠባይ ጠንቅቃ ዐወቀች። በስልክ ስንጠይቃት ሁልጊዜ መጀመሪያ «ወለሉ ምንድን ነው?» ትለን ነበር። «ሊሾ ነው» ስንላት፣ «እንግዲያው ያንሸራትታል። ሞላውን አላሉት፣ ጎማው መሬቱን ይያዝ፤ አብሽሩ» ትለን ነበር።

መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰቡና፣ በብሎኬት ስባሪ መንገድ አበጅተን እንወዳደር ነበር። የአጎታችን ልጅ የጀማል መኪና ከኛዋ ትፈጥናለች፣ ግን መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ ግድግዳ ትመታለች፤ የኛዋ ረጋ ብላ ዞራ ትቀድማታለች። እናቴ በስልክ ጩኸታችንን እየሰማች ትስቅ ነበር። «ለዐረፋ መጥቼ በዓይኔ አያታለሁ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ሳሎኑ ባዶውን ይቆየኝ፣ ዕቃውን እኔ ነኝ መርጬ የማስገባው» ትለን ነበር። እኔም የባዶው ሳሎን ዘበኛ ሆንኩ፤ መቀመጫ ዱካ ይዞ ከሚገባ ሰው ጋር እንኳ እጣላ ነበር። ባዶ እስከሆነ ድረስ ትመጣለች ብዬ አምን ነበር።

በጋው ሲገባ አባቴ ሰዓዳ የምትባል ሴት ይዞ መጣ። «እትዬ በሏት። ለእናታችሁ እኔው እነግራታለሁ» አለን። በር ተገጠመ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ሊሾው ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ። እሱ ግን ምንም አልነገራትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እናቴ አልጠረጠረችም። እኛም ያስጨነቀን ሌላ ነበር፤ መኪናችን ምንጣፉ ላይ በታጠፈች ቁጥር ትገለበጥ ጀመር።

እናቴ ስትደውል ሰይድ ስልኩን ከእጄ መንጭቆ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያደርስ፣ «እማዬ፣ መኪናዋ ትገለበጣለች!» አላት።

እሷም እንደ ልማዷ «ወለሉ ምንድን ነው?» አለችው።

«ምንጣፍ።»

«የምን ምንጣፍ?»

«እትዬ ሰዓዳ ያስነጠፈችው። ከአባዬ ጋር እዚሁ ነው የምትኖረው፤ አልነገረሽም እንዴ?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ተቀብዬ «እማዬ» ስላት ትንፋሿን ሰማሁ። በማላውቀው ድምፅ፣ «ምንጣፍ ጎማ ይይዛል የኔ ልጅ። ሞላውን አጥብቁት፣ ዝቅ አድርጓት» አለችኝና ዘጋችው። እንዳለችው አደረግን፤ መኪናዋም መገልበጥ ተወች። እናቴ ግን ለዐረፋ አልመጣችም።

ዛሬ እናቴ ደሴ ውስጥ ከኔ ጋር በኪራይ ቤት ትኖራለች፤ ጉልበቷ የሰው ወለል ሲያጸዳ አልቋል። ያንን ሳሎን አንድም ቀን አልረገጠችውም። አባቴ እዚያው ነው፤ ዘመድ «ይለፍ፣ አባት አይደለም ወይ» ይለኛል፣ እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽም። በቀደም ልጄ ከጓደኛው የተዋሳትን ሪሞት መኪና ይዞ መጥቶ፣ «አያቴ፣ ሞላዋን እንዴት ላድርገው?» አላት። እጇ ላይ አገላብጣ አየቻትና፣ «መጀመሪያ ወለሉ የማን እንደሆነ ንገረኝ» አለችው።

ድሮ እኛን የምትጠይቀን ወለሉ ምን እንደሆነ ብቻ ነበር።