አንድ ስንዝር የካሴት ክር

ባለፈው ሳምንት ከጀሞ ወደ ላፍቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ጥፍሯን መቀባት ጀመረች። ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ ብሩሿን ታነሳለች፣ ሲወጣ ትቀጥላለች። ረዳቱ «እህቴ፣ መስኮቱን ክፈቺልን እንጂ፣ ሰከርን እኮ!» ሲላት ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ሽታውን በረጅሙ ሳብኩት። የጥፍር ቀለም ለሌላው ሰው የሠርግ ሽታ ሊሆን ይችላል። ለእኔ የፍርሃት ሽታ ነው። ሲሸተኝ እንደገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጣቴ ላይ የተጨማደደ የካሴት ክር ተጠምጥሟል፤ ክሩ ላይ ደግሞ የሞተ ሰው ድምፅ አለ።

ሙዚቃ ድንበር የለውም ይላሉ። አለው እንጂ! ድንበር ባይኖረው ማሻገሩ ምን ጣዕም ይኖረዋል? የእኛ ድንበር የቆርቆሮ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲህ እኛ፣ ከአጥሩ ወዲያ ከስልጤ የመጡ የብረት በያጅ ቤተሰብ። የበያጁ ልጅ እኩያዬና ጓደኛዬ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ሥጋን፣ ቅቤንና ዘፈንን በዚሁ ቅደም ተከተል ከቤት ታስወጣ ነበር። እኔም ካሴቶቼን በፌስታል ጠቅልዬ በአጥሩ ቀዳዳ አሻግርና ከትምህርት ቤት መልስ እነሱ ቤት ሄጄ እሰማቸዋለሁ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የጓደኛዬ ካሴቶች ወደ እኛ ይሰደዳሉ። ሬጌውን፣ የሱዳኑን፣ የህንድ ፊልሙን ዘፈን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ ስደት ነው። ምርጫችን ሥርዓት አልነበረውም። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሄቪ ሜታል የሚባል ነገር ተውሶ መጥቶ ሲያሰማኝ እናቴ ከጓሮ ብቅ አለችና «አባትህ ብረት መቁረጫውን እዚህ አመጡት እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ የገቡበት ዓመት መጣ። ሰሞኑን እንደገና ተገጣጥመው ሰው ሁሉ ስለ መቻቻል ንግግር ሲያደርግ ሰማሁ። እኛ ያን ጊዜ የተሰማን መቻቻል ሳይሆን ንዴት ነው። ዘፈን የሚሸሸግበት ቤት ጠፋ።

«አንተ ደግሞ ሽሮ እየበላህ ጾምኩ ትላለህ» አለኝ ጓደኛዬ፣ ከንፈሩ ደርቆ።

«አንተስ ሌሊቱን ስትበላ አድረህ አይደል የምትጾመው?»

ተሰዳድበን ስንጨርስ የቀረን አንድ መንገድ ነበር። ቤቶቻችን የሚፈቅዱትን መለዋወጥ። እኔ የአባቴን የበገና ካሴት ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ከቴፑ አስጠጋ።

«ድምፅ ማጉያው ተቀዷል» አለ።

«አልተቀደደም። በገና እንዲህ ነው የሚነዝረው።»

ጥቂት ሰማ። ከዚያ ብድግ አለ። «ሜታል ነው በለኛ!»

ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ከዚህች የተሻለ ትንታኔ ግን አላገኘሁም።

በማግስቱ እሱ በተራው ከእናቱ ሳጥን፣ ከልብሶቿ ሥር አንድ ካሴት አወጣ። ታናሽ ወንድሟ በአገር ቤት ሠርግ ላይ መንዙማ ሲመራ ሌሎች የቀዱት ነው። ሰውየው ሞቷል። ፎቶ እንኳ አልነበረውም።

ድቤው ሲጀምር ገና ሰውነቴን ወረረኝ። ጭብጨባው፣ ተቀባዮቹ፣ ከበስተኋላ የሚያለቅስ ሕፃን። ከዚያ ሁሉም በድንገት ጸጥ ይላል፤ ሰውየው ብቻውን አንድ ስንኝ ወደ ላይ ያወጣል። ወዴት እንደሚወጣ አላውቅም። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ያ ድምፅ ግን ጣሪያ አልነበረውም። እዚያ ላይ ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይቀበለዋል።

«ምን እያለ ነው?»

«ነቢዩን እያወደሰ ነዋ። ግማሹ ለእኔም አይገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

«አላለቀስኩም። ጾም ነው።»

ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያውሰኝ ለመንኩት። «የድምፁ ሌላ ቅጂ የለም እኮ» አለ። ሰጠኝ ግን፤ አብሮኝም መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እንደ ሰፈራችን ደንብ ያለቁትን ባትሪዎች ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አስጥቼ፣ ሲግሉ ቴፑ ውስጥ ከተትኳቸው። በፀሐይ የተቀሰቀሰ ባትሪ ለአንድ ዘፈን ይበቃል፤ ለስስታም አይበቃም። እኔ ያችን ስንኝ ብቻ አሥር ጊዜ መለስኳት። በአሥራ አንደኛው ሞተሩ ተልፈሰፈሰ፣ የሰውየው ድምፅ እንደ በሬ ወፈረ፣ ቴፑም ክሩን በላው።

«ወላሂ ገደልከን» አለ ጓደኛዬ በሹክሹክታ።

የተጨማደደውን አንድ ስንዝር በምላጭ ቆርጠን ጫፍና ጫፉን በእህቱ የጥፍር ቀለም አጣበቅን። አንድ ስንዝር ማለት አራት ሰከንድ ያህል ነው። ካሴቱን ወደ ሳጥኑ መልሰን ለማንም ላንናገር ተማማልን።

ከሦስት ቀን በኋላ እናቱ ለአፍጥር ጠራችኝ፤ ለእኔ ለብቻዬ የምስር ሳምቡሳ ሠርታልኛለች። ሲበላ ቆይቶ ካሴቱን አወጣችና ከፈተችው። ድቤው መጣ። ጭብጨባው መጣ። ሁሉም ጸጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሕዝቡ ተቀበለ። መሐል የነበረው ስንኝ የለም።

አጠፋችው። መልሳ ሰማችው። ከዚያ ወደ ሁለታችን ዞረች። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። ጓደኛዬ እግሩን እያየ ነበር።

«ምን ያህል ቆረጥክ?»

ጣቶቼን ዘርግቼ ስንዝር አሳየኋት። እጄን ለረጅም ጊዜ አየችው። ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ይህቺንማ እኔ አውቃታለሁ» አለች።

ካሴቱን ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችው። ጸጥታው ሲደርስ ማጥፊያውን ተጭና መዳፏን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አነሳች፤ ዓይኗን ጨፍናም ስንኙን አወጣችው። እንጀራ ሲያንስ ልጇን ወደ ሱቅ ልትልክ የምትጠራበት ያ ሻካራ ድምፅ ወንድሟ የደረሰበት ቦታ ደረሰ፤ ትንሽም አለፈው። ከዚያ ማጫወቻውን ተጫነች፤ ሕዝቡ ተቀበላት። የሞተ ሰው ማኅበር በሕይወት ላለች ሴት ሲመልስ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር ያችን ቦታ እሷ ትሞላት ነበር። ለዓመታት። ስልኬ ላይ የበላሁት በያይነቱ ሁሉ ፎቶ አለ፤ እሷን አንድ ቀን እንኳ አልቀዳኋትም።

ዓምና አረፈች። ጓደኛዬ አሁን ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ነው የሚኖረው። ከጥቂት ቀን በፊት ካሴቱን ወደ ስልክ አስገልብጦ በቴሌግራም ላከልኝ። ገልባጩ ቆረጣው እንዳይታወቅ ላስተካክለው ብሎት እንቢ ማለቱን ጻፈልኝ። ከፍቼ ሰማሁት። ቦታው ሲደርስ መዳፏ ታየኝ፣ የተጨፈኑ ዓይኖቿ ታዩኝ። ዜማው ግን አልመጣም። ደጋግሜ ሞከርኩ። የማላውቀው የሙዚቃ ዓይነት የለም ብዬ የምኩራራው ሰውዬ አራት ሰከንድ አጣሁ።

ደወልኩለት።

«እናትህ ያችን ቦታ እንዴት ነበር የምትላት?»

ከበስተኋላው እሱም ካሴቱን ከፍቶት ነበር፤ ድቤው ይሰማል።

«አንተ ታውቀዋለህ ብዬ እኮ ነው የላክሁልህ» አለኝ።

ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን ቆየን። በእሱ ወገን ጸጥታው ደረሰ፣ አለፈም፤ ተቀባዮቹም ማንም ላላወጣው ስንኝ በሙሉ ድምፃቸው መለሱ።