እማዬ እንግዳ ልትሆን የሄደችበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት ሺሺንዳ ከተማ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ከፊቴ በርከክ አለች። ለብ ያለው ውሃ ጣቴን ሲነካው ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ ጓሮ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። "ምን ሆነች? ኮራች እንዴ?" ሲሉ ሰማኋቸው። ይበሉ! ቦንጋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ እጄን ራሴ ነኝ የምታጠበው። አንቺ ግን ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እንግዲህ ስሚኝ።

እናቴ የማንኪራ መንደር ልጅ ነበረች። በንጉሡ ዘመን፣ ገና ሕፃን ሳለች፣ ለአገር ገዢው ግቢ ሰጧት። ሰጧት ነው የምልሽ፤ እንደ እንስራ ማር። ሥራዋ እንግዳ ማስታጠብ ነበር። ጌቶች በልተው እስኪነሱ ፎጣ ይዛ ትቆማለች። አብዮቱ መጥቶ ጌቶቹ ሲወሰዱ በእግሯ ማንኪራ ገባች። ኋላ አግብታ ቦንጋ መጣች፣ አባታችንን ቀበረች፣ ቅቤና ማር እየነገደች እኔንና ወንድሜን አሳደገች። ዕረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንኳ ሸለብ ካደረጋት፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደንግጣ ነበር የምትነሳው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ፣ ወንድሜ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ያዘ። ያ የድሮ ግቢ ታድሶ ሆቴል መሆኑን የሰማው እሱ ነው። "ያገለገለችበት ቤት ትገለገልበታለች!" አለኝ። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽሽም።

"እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ?" አለች እማዬ።

"ምንም! ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ፣ ትተኛለሽ፣ በቃ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ?" ብላ እስኪያስላት ሳቀች። በነጋታው ግን አዲስ ጫማ ገዝታ መጣች። ለጎረቤት ሁሉ "ልጆቼ ሊያሳርፉኝ ነው" እያለች አወራች።

ስንደርስ ካፊያ ነበር። ጭጋጉ ዛፎቹን ሸፍኗቸው፣ ከላይ ጉሬዛ ይጮሃል። ወለሉ በሰም ተወልውሎ፣ የእርጥብ እንጨትና የሰም ሽታ እስከ ደጅ ይመጣል። ወንድሜ ቦርሳ ተሸክሞ ወደ ፊት በር ሲሄድ፣ ዘወር ብል እማዬ የለችም። ለካ በጓሮ በኩል ዞራ ወደ ማድ ቤቱ በር እየሄደች ነው! ሮጬ ክንዷን ያዝኳት። "እማዬ፣ በዚያኛው ነው የምንገባው።" "አይ እኔን!" ብላ አፏን ያዘች። በፊት በር ስናልፍ ግን እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አንድ ነገር አየሁ። በረንዳ ያለው ክፍል ሰጡን። "እስቲ ልሞክረው" ብላ አልጋው ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው ወሰዳት። እናቴን ቀን ሳትደነግጥ ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ አዲሱን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቷን ልጅ አስመስሎት ነበር። እንዳትነቃብኝ ብዬ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ነከስኩ። እስከ ዛሬ የምሳሳላት እንቅልፍ እሷ ናት።

ማታ ራት ቀረብን። ሥራ አስኪያጁ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ በየጠረጴዛው እየዞረ እንግዳ ሰላም ይላል። እኛ ጋ ሲደርስ ያ ምላሱ የማያርፍ ወንድሜ፣ "እናታችን እኮ ልጅ ሆና እዚሁ ግቢ አገልግላለች" አለው።

"እውነትህን ነው? ሕያው ታሪክ እኮ ናቸው!" ብሎ ሰውየው እጁን አጨበጨበ። ጎንበስ ብሎም፣ "እትዬ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው እንግዶቻችንን ቢያስታጥቡልን? ለታሪክ!"

እማዬ ቆማለች። ሰውየው ሳይጨርስ ነው የምልሽ! "እሺ፣ ጌታዬ" አለች።

"ቁጭ በይ እማዬ!" ስል ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠኝ። "ዝም በይ አንቺ፤ ክብር እኮ ነው!"

ክብር! ኤዲያ! ክብር ከሆነ እሱ ተነስቶ አያስታጥብም ነበር?

ነጭ ቀሚስ አልብሰው፣ ወገቧን በመቀነት አስረው አመጧት። ፎጣው ትከሻዋ ላይ፣ ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ ሳፋው በግራ። አንድ ነገር አልረሳችም። በየጠረጴዛው በርከክ እያለች ሰው አስታጠበች። ጉልበቷ እንደሚያማት ወንድሜ ያውቃል። ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ሥራ አስኪያጁ ይስቃል። እየዞረች እኛ ጋ ደረሰች። ወንድሜ ፈገግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት። እኔ እጆቼን ጭኔ ሥር ደበቅኩ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ትንሽ ጠብቃ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች። ራቷ ፊቴ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ስነቃ የራሷንና የወንድሜን አልጋ አንጥፋ የእኔን መነሳት ትጠብቃለች። በረንዳው ተወልውሏል። "እማዬ፣ እዚህ ሠራተኛ አለ እኮ" ብላት፣ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያለች ብርጭቆ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ አልተኛችም። በረንዳው ላይ ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከታች ሰው ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቀና ትላለች።

ወንድሜን ጠልቼው እንዳልገላገል ወንድሜ ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባል የለ። ዛሬም በዚያ ራት ስታስታጥብ የተነሳችውን ፎቶ "እናቴ በቤተ መንግሥት" እያለ ለሰው ያሳያል። እማዬ ከሞተች በኋላ እንኳ "ደስ ብሏት እኮ ነበር" ይለኛል። እኔም ነጠላዬን አንስቼ ከቤቱ እወጣለሁ።

በዚያው በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንድ አስተናጋጅ በራችንን አንኳኳ። "እትዬ፣ እንግዶች መጥተዋል፣ ሥራ አስኪያጁ ይጠሩዎታል።"

"አቤት!" ብላ ተነሳች።

"ዛሬ ብቻ እማዬ፣ ነገ እኮ እንሄዳለን" አለ ወንድሜ።

በሩ ላይ ሄጄ ተገተርኩ። "አትሄድም!" አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። "እንግዳ ናት! ልታርፍ ነው የመጣችው! አስታጣቢ ከፈለገ ራሱ ያስታጥብ፣ ያ—"

እማዬ ተንደርድራ መጥታ አፌን በመዳፏ ከደነችው። እኛን ስትቆጣ ሁልጊዜ በአገሯ ቋንቋ በካፊኖኖ ነበር የምትቆጣን፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ሕፃን እየተርበተበተች ነው የተናገረችው።

"ዝም በይ ልጄ፣ ዝም በይ" አለችኝ። "ጌቶች ይሰማሉ።"