የጦር ብረት ማጭድ

አዛናው ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ነበር፦ በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት የስመኝ ሰሊጥ ደርሷል፤ ማጭዷ ግን ተሰብሯል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም። አፉን ከከፈተ ነፋስ ሲነካው ፍሬው ይረግፋል። ባሏ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው፣ እሷም ወሯ ገብቷል፣ የዓመት ቀለቧ ያ ማሳ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አጨዳ ላይ ስለሆነ ማጭድ የሚያውሳት የለም። ጣሊያን መንገዱን ስለያዘ ብረትም ከድንበር ማዶ፣ ከሱዳኑ ገላባት አይመጣም።

አዛናው የመተማ ቀጥቃጭ ነው። ስለ አሠራሩ ማውራት ደስ ይለኛል፤ እንደሱ ጠንቃቃ ሰው ብዙ አላየሁም። ስለቱን በገዛ ክንዱ ፀጉር ሳይሞክር ማጭድ አይሰጥም። ብረት ሲያጣ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከደርቡሽ ጋር በተደረገው ጦርነት በዚሁ ሜዳ ከወደቁት የቀረውን፣ ማረሻ የሚያወጣውን ጦር ይለቅማል። የሐበሻ ይሁን የደርቡሽ፣ ጦሩ አይናገርም። ስለዚህ እሳት ውስጥ ከመክተቱ በፊት ሰባት ቀን ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያሳድረዋል፤ የሞተው ባለቤቱ እንዲሰናበተው።

ዘንድሮ ሰባት ቀን አልነበረም። ጦሩን ባገኘበት ዕለት ቀጠቀጠው።

የስመኝ የቀን ሠራተኛ ሙሉአለም አንድ ነዶ ሳይሞላ ማጭዱን ወረወረው። «ያቃስታል» አለ። አዛናው ተጠራ።

መጀመሪያ እጀታውን ነቀነቀ፤ አልላላም። ቀጥሎ ስለቱን በጥፍሩ አንኳኳ። ስንጥቅ ያለው ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ የዚህ ጥርት ያለ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጭብጥ ሰሊጥ ቆረጠ። እውነትም አቃሰተ፤ ውሃ እንደሚለምን ሰው፣ በቀስታ።

«ሰው የገደለ ብረት ነው» አለ ሙሉአለም።

«ሰው ያልገደለ ጦር ካገኘህ አምጣልኝ።»

«አንተማ ምን ቸገረህ፤ ማታ ጅብ ትሆናለህ።»

«ጅብ ከሆንኩ ማጭድ ምን ያደርግልኛል?»

ስመኝ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ግን «ጋሼ አዛናው፣ ዛሬ ካልታጨደ እኮ አለቀ» አለች።

አዛናው ማጭዱን አገላብጦ አየው። «ሰባቱን ቀን አላሳደርኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማጨዱም የኔ ይሁን።»

አሁን ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሏል። ጤዛው ደርቆ ፍሬው መርገፍ ሳይጀምር ወዲያኛው ዳር ለመድረስ ይሞክራል። ማጭዱ ባቃሰተ ቁጥር «ነፍስህን ይማር፣ ትንሽ ታገሠኝ» ይላል። ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ጭብጥ ይይዛል።