የቧንቧ ጭንቀት

"ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የተማርኩትን በአማርኛ ስመልሰው "የቧንቧ ጭንቀት" ይሆናል፤ ሰውም ይስቃል። ምን ላድርግ? ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ፣ ከባዱ ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ተሰባብሮ ቤንዚን በሚሆንበት ክፍል፣ ቧንቧዎቹ ሲግሉ የት የት ላይ እንደሚጨነቁ አስቀድሞ ማስላት ነው። ሥራዬ ይኸው ነው።

ሐረር ላይ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ይህ ቃል ጉድ ሠራኝ። የምወዳት ልጅ ቤት ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእሷ ሌላ ማንም የላቸውም። እኔ ደግሞ ቀይ ባሕር ዳር ማጣሪያ ውስጥ ተቀጥሬ፣ እሷን አግብቼ ይዤ ልሄድ ነው የመጣሁት።

ከሽማግሌዎቹ ዋናው ተናጋሪ ፈላና በር ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር እንደ ወንድም ናቸው። "ወላሂ፣ ልጃችን የተማረ ነው፤ የቧንቧ ጭንቀት ያሰላል" ብለው አረፉ። የልጅቱ አባትም፣ "ቧንቧ ምን ሆኖ ይጨነቃል? ለመሆኑ ልጁ ጤነኛ ነው?" አሉ አሉ። ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ከሳቃቸው ብዛት እንባቸው ይወርዳል። እኔ እርር ድብን አልኩ።

"አትቆጣ እንጂ! እምቢ አላሉም፤ ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ ነው ያሉት" አሉኝ።

ኧረ ጉድ! ሚስት ፈላጊ ራሱ በልጅቱ አባት ፊት ቀርቦ ሲመረመር የት ታይቷል? አባቴ "ነውር ነው" አሉ። ሐጂ ግን "ሂድ፣ ኢንሻአላህ ይቀናሃል" ብለው ገፉኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሄድኩ። "ቧንቧ የሚያስጨንቀው አንተ ነህ?" አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። ልመልስ ስል የቤቱ ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ ጧ! አለ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

"ይሰሙታል ጋሼ? ብረት ሲግል ይረዝማል። በምስማር ተቸንክሮ መሄጃ ሲያጣ ይጮኻል። የእኛ ቧንቧ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይግላል። ሁለቱን ጫፍ አጥብቀን ከያዝነው ይሰነጠቃል፤ እሳት ይነሣል፣ ሰው ይሞታል። ስለዚህ መሀሉን እናጥፈዋለን፣ መላወሻ እንዲያገኝ። መታጠፊያው የት ይሁን፣ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ነው የማሰላው።"

ጣራው ደግሞ ጮኸ። ቀና ብለው አዩት።

"እኔ እኮ በጮኸ ቁጥር ምስማሩን ሳጠብቅ ነው የኖርኩት" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ለብረት እንዲህ ከተጨነቅህ ለልጄም አታንስም። ግን ባሕሩ ሩቅ ነው። እሷ ከሄደች ይህን ጣራ ብቻዬን ነው የምሰማው።"

የሥራዬ ነገር ሰበብ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

"ጋሼ፣ ክረምት ክረምቱን እዚህ እርስዎ ጋ ትከርማለች። እኔ ፈቃድ ባላገኝ እንኳ እሷ ትመጣለች።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ።"

ትክ ብለው አዩኝና፣ "እንግዲያው መታጠፊያው እሱ ይሁን" አሉ። ልጃቸውን ጠርተው ምሳ አቅርቢ አሏት። ሐጂ ወሬውን ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ! ቧንቧው ዳረህ በለኛ!" ብለው ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

ተጋብተን ወደ ባሕሩ ዳር ከሄድን በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ሲደርስ እኔ ፈቃድ አላገኘሁም። ቃል ቃል ነውና ብቻዋን ሸኝቻት ወደ ሠራተኞች ሰፈር ተመለስኩ። የባሕሩ ዳር ሙቀት ያቃጥላል፣ ቤቱ ባዶ ነው። የምበላውን እንኳ አላሰብኩም፤ ቁጭ ብዬ የተወችውን ነጠላ አያለሁ። ቀትር ላይ ከላዬ ቆርቆሮው ጧ! አለ።

ከወንበሬ ተነሣሁና፣ ሰሚ በሌለበት ቤት ጮክ ብዬ "ጋሼ፣ ሰማሁት" አልኩ።