የታሰረው ነፋስ

አባ መኩሪያ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ስንቱን መርዶ ነግረዋል። ሰው ሲሞት ለወንድም ለእህቱ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሄደው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያው ውሸት ያስፈልጋል፤ በውሸቱ ደግሞ እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። አንዱን «ዛሬ አውቶቡስ የለም» ብለው ከቤት አስቀርተውታል። የአውቶቡስ ጣቢያውን ሃያ ዓመት የጠረጉ ሰው ናቸውና ታመኑ።

አሁን ጡረተኛ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ከሚኖሩበት ኮረብታ ከጊቫት ሃሞሬ ቁልቁል የምታወርዳቸው ቃልኖዒት ናት፤ ያቺ አዛውንት የሚነዷት ባለ አራት ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጃቸው አቪሻይ ጣሪያው ላይ ትንሽ የነፋስ ተርባይን ተክሎላቸዋል። ቃልኖዒቷ የምታድርበት መጋዘን ሌላ መስመር ስለሌለው ባትሪዋ በየሰኞው ሌሊት የሚሞላው ከዚያው ነው። በየማክሰኞው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ወርደው ታናሽ ወንድማቸውን ሸጋውን ይጠይቃሉ። ባለፈው ሳምንት ሸጋው ደክሞ ነበርና «ሳትመጣ እንዳልሞት» አላቸው። «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብለው ቃል ገቡለት።

ማክሰኞ ባትሪው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ሩዋሕ የለም አባ፣ ነፋሱ ቆሟል» አለ አቪሻይ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

«በመኪናህ አድርሰኛ!»

«መኪናዬ ሙሳኽ ናት፣ እየጠገኗት ነው። ነገ።»

ረቡዕም ነፋስ የለም ተባሉ። አባ መኩሪያ አልጋቸው ላይ ሆነው ነፋሱን ረገሙት። «ለሁሉ ስትነፍስ ኖረህ ለእኔ ሲሆን ታከተህ?» አሉት። ሸጋው በር በሩን ሲያይ ታያቸውና እህል አልወርድ አላቸው።

አመሻሽ ላይ ግቢ ወጡ። የጎረቤት ልብስ ገመዱን ሊበጥስ ይርገበገባል። ቀና ቢሉ ተርባይኑ ቆሟል፤ ክንፉ በሰማያዊ ገመድ ታስሯል።

አልጮሁም። ሥርዓቱን ያውቁታላ፤ ለሰው ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ልባቸው ግን ተሰበረ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጎሕን ጠበቁ።

በሩ ሲንኳኳ ራሳቸው ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባ መኩሪያ ቀድመው «መቼ ነው?» አሉ።

«ሰኞ ማታ» አለ አቪሻይ። «ሴት ልጁ ከውጭ አገር እስክትገባ ብለን ነው። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ መኪናዬ በር ላይ ናት፣ እንሂድ አባ።»

«ነፋሱን ፍታው» አሉት። «ምንም ሳያጠፋ ሁለት ቀን ረገምሁት። በቃልኖዒት ነው የምሄድ። እመጣለሁ ብዬዋለሁ።»

አቪሻይ ጣሪያ ወጥቶ ገመዱን ቆረጠ። አባ መኩሪያ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ፤ ሽማግሌዎቹም ከኋላቸው ቆመዋል። ክንፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ዞረ። ያን ጊዜ አባ መኩሪያ አለቀሱ።