በረዶ ይዤ ባሌ የሄድኩ ለታ

ማክሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ በጉልበቶቼ መሃል ያቀፍኩት ሳጥን በረዶ ሞልቶት ነበር። እኔና ሸሪኬ ተሾመ ቃሊቲ ባለችው ፍሪጅ መጠገኛችን ውስጥ ስምንት ወር የለፋንበት ሳጥን ነው። ግድግዳው ድርብ ነው፣ መሃሉ በፎም ተሞልቷል፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ ተሾመ በገዛ እጁ የበየዳት የበረዶ መሳቢያ አለች። ጫት መንገድ ላይ እንዳይጠወልግ ብለን ነው የሠራነው። አዳማ ላይ ሞክረነው ጠዋት የገባው ጫት ማታ አሁን የተቀጠፈ መስሎ ወጣ። ግን ማን ይግዛን? ሁሉም "ቆንጆ ነው" ይልና ይሄዳል።

ባሌ ሮቤ ላይ የጫት አምራቾችና ነጋዴዎች ጉባኤ እንዳለ የሰማን ቀን ተሾመ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ግርሜ፣ ይሄ የመጨረሻችን ነው። ትእዛዝ ይዘህ ከመጣህ እንቀጥላለን። ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን ቤቱን እንለቃለን፤ አንተ ወደ ቅጥርህ፣ እኔም ወደ ወንድሜ ጋራዥ" አለኝ። እናቴ የጫት ስም ሲነሳ ታማትባለችና ለእሷ "ለስብሰባ ነው" ብቻ ብያት ወጣሁ።

እስከ ዲንሾ

ሻሸመኔን አልፈን ወደ ዶዶላ ስንታጠፍ መስኮቱ ቀዘቀዘ። አዳባ ላይ ጃኬቴን ደረብኩ። ዲንሾ ስንደርስ አውቶብሱ ሻይ እንድንጠጣ ቆመልን። መንገዱ ዳር ሁለት የደጋ አጋዘኖች ቆመው፣ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሣር ይግጣሉ። ሻይ በአሥራ አምስት ብር ነው፣ ብርጭቆው ግን እጅ ስለሚያሞቅ ሁለት ጊዜ አዘዝኩ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ሳጥኑን በእግሯ ነካ አድርጋ፣ "ምንድነው የያዝከው?" አለችኝ።

"በረዶ።"

"በረዶ? ወደ ዲንሾ? አላህ ያሽርህ ወንድሜ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ የአዳማን ሙቀት እንጂ የባሌን ብርድ መች አውቄ! ማታ ሮቤ የያዝኩት አልጋ ሦስት ብርድ ልብስ ነበረው፣ አራተኛ ለመንኩ።

ረቡዕ፣ ጉባኤው

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስብሰባውን የጠሩት ሰዎች የጀመሩት ከቆላው ከደሎ መና የሚመጣው ጫት ሮቤ በሚገባበት ሰዓት ነበርና ግማሹ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ደረሰ? የት ደረሰ?" ይላል። አንድ ባለሙያ ተነስቶ በውጭ አገር ካናቢስን በሕጋዊ ፈቃድ የሚሸጡ ኩባንያዎች እንዳሉ፣ ከረባት አሥረው እንደኛው ጉባኤ እንደሚቀመጡ፣ ዕቃቸውን በምን ዓይነት ማሸጊያ እንደሚያሳምሩ አስረዳን።

"ሀሺሽ? በፈቃድ? አስተግፊሩላህ!" አሉ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ እጃቸውን አወጡ። "ግብሩስ? እነሱንም እንደኛ ነው የሚያንገበግባቸው?" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ጠወለገ ቅጠል አንደበቴ እስኪደርቅ አወራሁ። አንዱ ክብደቱን ጠየቀ፣ አንዱ አዛጋ። ልቤ ወደ ቃሊቲ ወረደ።

ያኔ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ፣ ስድሳ የሚሆናቸው ሴት ብድግ አሉ። አዴ ዘሀራ ይባላሉ፤ አዴ እዚህ አገር እትዬ እንደ ማለት ነው። "ልጄ፣ ከደሎ መና እስከ ሮቤ ጫት ጭነህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አላውቅም እናቴ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ተመላልሻለሁ። ዛሬ እወርዳለሁ፣ ነገ በማለዳ እመለሳለሁ። ሳጥንህን ይዘህ ና። ነገ እዚሁ፣ ሰው ፊት ይከፈታል።"

"ሃ በነሙ! ይከፈት!" አለ አዳራሹ በሁለት ቋንቋ።

ወደ ደሎ መና

ጀማል በሚባል ሾፌር ፒክአፕ ከምሳ በኋላ ወጣን። ጎባን አልፈን ስንወጣ ስንወጣ ሳኔቲ ላይ ደረስን። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ደማቅ ነው። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል በየሜዳው ቆሟል፣ አንድ ቀይ ቀበሮ ከአይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጧል። አዴ ዘሀራ "እሱም ነጋዴ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል" አሉኝና ሳቁ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሃረና ጫካ ውስጥ ይገባል። ዛፉ ሽበት አብቅሏል፣ ጭጋጉ ይንጠባጠባል፣ ሪራ ላይ ማር በጀሪካን ይሸጣሉ። እንዲህ ያለ አገር እያለኝ አርባ ስድስት ዓመት ቃሊቲ ምን ሳደርግ ኖርኩ?

መና ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ጃኬቴን አወለቅሁ፣ የሸሚዜን እጅጌ ሰበሰብሁ፣ ነፍሴ መለስ አለች። "አላልኩም?" ብዬ ፎከርኩ፤ በፌስታል የታሰረ በረዶ ገዝቼ መሳቢያውን ሞላሁ። ከአዴ ዘሀራ ጫት አምስት እስር እኔ ሳጥን ውስጥ ገባ። የቀረውን እሳቸው በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በላዩ ላይ ቀይና ጥቁር መስመር ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ ደረቡበት።

"እናቴ፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ? ይታፈናል እኮ!"

"ይታፈን" አሉኝ፣ ፈገግ ብለው።

ሐሙስ፣ ሳኔቲ

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጫካውን ጨርሰን ሜዳው ላይ ብቅ ስንል ጎህ ቀደደ። የትናንቱ ሳኔቲ የለም። ሣሩ ነጭ ነው፣ ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። አዴ ዘሀራ ጀማልን አስቆሙትና "ክፈተው ልጄ" አሉኝ።

ከፈትኩ። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ከብርዱ ነው ብዬ አልዋሽም። ስምንት ወር፣ ተሾመ፣ መጠገኛችን፣ ሁሉም እዚያ የጠቆረ ቅጠል ውስጥ ታየኝ።

"እዚህ መንገድ ላይ ጫት የሚገድለው ብርድ ነው" አሉኝ። "ብርድ ልብሱ ያለ ነገር መሰለህ? እሱም አይበቃም፤ ዳር ዳሩን ሁልጊዜ ያቃጥልብኛል።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር? ሰው ፊት ከሚከፈት ብዬ ነው እዚህ ያስከፈትኩህ።"

አሁንም ሳስበው ደረቴ ይሞቃል። እሳቸው መሳቢያውን መዝዘው በረዶውን ሣሩ ላይ ደፉት። እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ዳበሱ፣ የውጩንም ዳበሱ። "ልጄ፣ ሳጥንህ ደህና ነው። በረዶህ ነው የማይረባው።"

ወይ ጉድ! ሙቀት የማያስገባ ግድግዳ ብርድም አያስገባም። ብርዱን በበረዶው ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። ሃያ ዓመት ፍሪጅ የጠገንኩ ሰውዬ ይህ አልታየኝም። የጠቆሩትን እስሮች ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። ሳጥኑን መኪናው ማሞቂያ ሥር አድርቀን፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አምስት ደህና እስር አውጥተን ከተትንና ዘግተን መልሰን ኋላ ጫንነው። ገና አንድ ሰዓት ሙሉ ብርድ ይቀረናል።

አዳራሹ በር ላይ አዴ ዘሀራ ጆሮዬ ሥር፣ "የበረዶው ነገር እዚያው ተራራው ላይ ቀርቷል። ወላሂ ለማንም አልናገርም" አሉኝ።

ሳጥኑ ተከፈተ። ቅጠሉ ያብረቀርቃል። ከብርድ ልብሱ የወጣው ዳር ዳሩ ጠቁሯል። ሰው ተነስቶ ከበበን፣ ጭብጨባ ተነሳ። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር፤ ግን እሳቸው ፊት ቆሜ እንዴት ብዬ? "ይሄ የኔ ብልሃት አይደለም" አልኩ፤ አምስቱን የጠቆሩ እስሮች ከከረጢት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ያ ስለ ግብር የጠየቁት ሽማግሌ "ለባሌ በረዶ አመጣላት!" እያሉ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እዚያው የመጀመሪያውን ሳጥን አዘዙኝ። ከሳቸው በኋላ አሥራ ሦስት ሰው ስሙን አጻፈ።

አርብ፣ ቤት

ናሙናውን ሳጥን ለአዴ ዘሀራ ትቼላቸው መጣሁ። ሮቤ መናኸሪያ ሊሸኙኝ መጥተው ስንቀጠቀጥ ሲያዩ ያን ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እንቅልፍ ወስዶኝ ሻሸመኔ ላይ ነው አንገቴ ላይ እንዳለ ያወቅሁት።

ተሾመ የትእዛዙን ወረቀት ሁለቴ አነበበና አቀፈኝ። መሳቢያዋ እንደማታስፈልግ ስነግረው ግን አኮረፈ። "ስንት ቀን የበየድኳት!" ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነው፤ ዕቃ ከመሥራቴ በፊት ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ ራሴ እሄዳለሁ። ሌላው ትምህርት የአዴ ዘሀራ ነው፣ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ማታ ደወልኩላቸው። "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ብርድ ልብስዎን ይዤ መጣሁ። በመጀመሪያው መኪና እልክልዎታለሁ።"

"ተወው ልጄ፣ ልበሰው" አሉኝ። "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ሳጥን አለኝ።"